አራተኛው ሩብ

ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ ነው፤ ከራሴ ልጀምር፥ ጥፋቱም የኔ ነውና። ያዕቁብ እባላለሁ። ሱዳን፥ ገዳሪፍ ገበያ፥ የጨርቅ ሻጮቹ ተራ ጥግ ላይ፥ ጀለቢያ እሰፋለሁ። እዚህ ከመጣሁ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ሰው ቁጡ ነው ይለኛል፤ እሱስ እውነት ነው። ራሱ ያስለካውን ልብስ ይዞ መጥቶ "ጠበበኝ" የሚል ደንበኛ ሳይ ደሜ ይፈላል። ግን ቁጡ ሌላ፥ ቀናተኛ ሌላ። ቀናተኛ መሆኔን ያወቅሁት ባለፈው ክረምት ነው፤ በአርባ ስድስት ዓመቴ።

እዚህ ከተማ ጀለቢያ ሞልቷል፥ ሰሊጥ ሞልቷል፤ ካርቱም ጦርነት ከገባ ወዲህ ደግሞ ሰው ሞልቷል። የአማርኛ መጽሐፍ ግን የለም። አንድ መጽሐፍ ገላባት ላይ ድንበሩን ከተሻገረ ወሬው ከመጽሐፉ ቀድሞ ይደርሳል። ፊት ፊት አንዱ ይይዘውና ወር ሙሉ ይጠፋ ነበር። ሌላው ደጅ ይጠናል። "ጨረስኸው ወይ?" ሲሉት "ትንሽ ቀርታኛለች" ይላል። ኤዲያ! ትንሽ ቀርታኛለች የሚል ሰው ሃያኛውን ገጽ አላለፈም ማለት ነው።

መላውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ መመካት አይሁንብኝ። ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ ነው የመጣልኝ። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ቁርኣኑ በሠላሳ ጁዝእ ተከፋፍሎ፥ እያንዳንዱም ለብቻው ተሰፍቶ፥ ለተቀመጠው ሰው ይታደላል። ሁሉም የደረሰውን ሲቀራ ሙሉው ቁርኣን ባንድ መቀመጫ ያልቃል። ታዲያ ልቦለድ ምን ቤት ነውና የማይከፈለው? በማግሥቱ የያዝሁትን መጽሐፍ ጀርባውን በምላጭ ከፍቼ አራት ቦታ ለየሁት። እያንዳንዱን በወስፌ ሰፋሁ፥ ከተረፈ ጨርቅ ልባስ አበጀሁለት፥ ቁጥር ጻፍሁበት። ሩብ እንለዋለን። አንደኛውን ሩብ የጨረሰ ለቀጣዩ ሰው ይሰጥና ሁለተኛውን ይቀበላል። ሁሉም አንብቦ ሲያበቃ አራቱን መልሼ አንድ ላይ እሰፋቸዋለሁ።

ደንብም አወጣሁ። ገጽ ተዘሎ እንዳይሰፋ ሰፊው ቀድሞ ያያል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው አንባቢ እኔ ነኝ። ከኔ ናጂያ፥ ከናጂያ ሐጅ እስማኤል። መጽሐፉን ያመጣው ሰው መጨረሻ ያነባል። እንግዳ የጠራ ሰው ከእንግዶቹ ቀድሞ እጁን ከገበታ አይሰድም፤ ይኸም እንደዚያው ነው አልኋቸው። ሁሉም ተስማማ።

ሐጅ እስማኤል ቁረይሻ እርሻ ድረስ ሎሪ የሚነዱ ሽማግሌ ናቸው። መሪው ላይ ካልሆኑ መጽሐፍ ላይ ናቸው። ናጂያ ግን... ስለ ናጂያ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ከኔ ሱቅ ሦስት በር አልፋ በርበሬና ሽሮ ትሸጣለች። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ሁለት ዓመት ሙሉ፥ በየቀኑ ከዐስር ሰላት በኋላ፥ ያነበበችውን ሩብ በተጎናጸፈችው ቶብ ጫፍ ጠቅልላ ትመጣና ደጄ ላይ ካለችው በርጩማ ተቀምጣ እንጨቃጨቃለን።

"ይኸ ሰውየ ፈሪ ነው" ትላለች፥ ስለ መጽሐፉ ሰው።

"ፈሪ አይደለም፥ ጨዋ ነው" እላታለሁ።

"ዝም ያለ ሁሉ ጨዋ መሰለህ?"

ይኸው ነው፤ ሌላ ነገር የለም። እጇን ነክቼ አላውቅም፥ አንድ ቃል ተንፍሼ አላውቅም። ግን ያች ከዐስር እስከ መግሪብ፥ ፀሐይ እስክትጠልቅ ያለችው ሰዓት ባትኖር ቀኑን ሙሉ ለምን እንደምሰፋ አላውቅም ነበር።

ሐምሌ ግድም ሶፎኒያስ የሚባል ልጅ መጣ። ሃያ አምስት፥ ሃያ ስድስት ቢሆነው ነው። የጋይንት ልጅ ነው፤ አገሩ ላይ አስተማሪ ነበር። ሐሳቡ ማለፍ ነው፥ ወዴት እንደሚያልፍ ግን ራሱም አልቆረጠም። እስከዚያው እህል ገበያው ላይ ጆንያ ይሸከማል። የተቀደደ ሱሪ ሊያስጠቅም ገብቶ፥ ግድግዳዬ ላይ የተደረደሩትን ልባሳቸው ጨርቅ የሆነ መጻሕፍት ሲያይ ሱሪውን ረስቶት ቀረ። በማግሥቱ አንድ መጽሐፍ ይዞልኝ መጣ። አዲስ! ገጾቹ ገና እርስ በርሳቸው የተጣበቁ፥ ቀለሙ የሚሸት። መተማ ዮሐንስ ላይ በጃኬቱ ለውጦ ያገኘው ነው።

"ሱዳን ሙቀት ነው አሉኝ፤ ጃኬት ምን ይሠራልኛል ብዬ ነው፥ ጋሽ ያዕቁብ" አለኝ እየሳቀ።

"አንብበኸዋል?"

"ኧረ ገና ነኝ። መንገድ ላይ ማን ያነባል።"

ደንቡን ነገርሁት። ምላጩን ሳነሣ ፊቱ ትንሽ ቅጭም አለ፤ ወዲያው ግን "ይሁን፥ ሁላችሁም አንብቡትና ይድረሰኝ" አለ። አንድ ገጽ እንኳ ያላነበበውን መጽሐፍ ለማያውቀው ሰው ምላጭ ሰጠ። ያን ለት ወድጄው ነበር። ይኸን መካድ አልችልም።

መጽሐፉ አባታቸው ወፍጮ ትቶላቸው ስለሞተ ሁለት ወንድማማቾች ነው። ታናሹ የሄደበት ሁሉ ይወደዳል፤ ታላቁ ይኸን እያየ ይበግናል። ቆይቶ ቆይቶ የወፍጮውን ቁልፍ ይደብቅና "ጠፋ" ይላል። ወፍጮው ይዘጋል፤ ታናሹ እንጀራ ፍለጋ አገር ጥሎ ይሄዳል። ሦስተኛው ሩብ የሚያበቃው ከዓመታት በኋላ ታናሹ ተመልሶ የወንድሙን በር ሲያንኳኳ ነው። ቁልፉ ይገኛል? ይታረቃሉ? ይኸ ሁሉ አራተኛው ሩብ ላይ ነው።

አንደኛውን ሩብ ያነበብን ሰሞን ናጂያ እንደ ልማዷ መጥታ ተጨቃጨቅን። ሁለተኛውን በሰጠኋት በሦስተኛው ቀን ግን ዐስር ተሰገደ፥ በርጩማዋ ባዶ። አራተኛውም ቀን ባዶ። አሞባት ይሆን ብዬ ሄድሁ። ወይ ጉድ! ምን አሟት! እሷ በርበሬ ትነፋለች፤ ሶፎኒያስ የሽሮ ከረጢት ላይ ተቀምጦ ሁለተኛውን ሩብ ያነብላታል። ሲያነብም ዝም ብሎ አይደለም፤ ታላቁ ሲናገር ድምፁን ያወፍራል፥ አክስታቸው ስትናገር ያቀጥናል። በርበሬ ሊገዙ የመጡት ሴቶች ገዝተው እንኳ አልሄዱም። ናጂያ እንባዋ እስኪወርድ ትስቃለች።

"እንዴ! ደንቡስ?" አልሁ። "ያመጣ መጨረሻ ያነባል አላልንም?"

"እሱ የት አነበበ? ያነበብሁት እኔ ነኝ" አለች ናጂያ፥ ቀና ሳትል። "እጄ በርበሬ ነው፤ እሱ አፉን ብቻ ነው ያዋሰኝ።"

ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። እኔም የሳቅሁ መሰልሁ። ወደ ሱቄ ስመለስ ግን ለብቻዬ አጉረመረምሁ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ማለት ይኸው ነው! መጽሐፉን የከፈልሁት እኔ፥ የሰፋሁት እኔ፥ ሁለት ዓመት በርጩማ አውጥቼ የጠበቅሁት እኔ፤ ትናንት መጥቶ ነገ የሚሄድ ጆንያ ተሸካሚ አፉን ያውሳታል! ያን ቀን የአንዱን ጀለቢያ እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁት። ደንበኛው ሲቆጣ ደግሞ መልሼ ተቆጣሁት።

ከዚያ በኋላ ሳቋ በሦስት ሱቅ በኩል እየዘለለ ይመጣብኛል። የስፌት መኪናዬን በኃይል እረግጣለሁ፥ ድምፁ እንዲሸፍነው። ይበልጥ ጎልቶ ይሰማኛል። ልጁ ባለጌ ቢሆን እንዴት በቀለለኝ! ግን ሲያልፍ ሁለት እጁን አጋጥሞ ጎንበስ ብሎ "ደህና ዋሉ ጋሽ ያዕቁብ?" ይለኛል። አንድ ቀን ውሃ ሲያጥረኝ ሳልጠይቀው ጀሪካን ተሸክሞ አመጣልኝ። ጠጣሁት፤ እየጠጣሁም ጠላሁት።

ሦስተኛውን ሩብ አንብቤ ከጨረስሁ በኋላ አራት ቀን ያዝሁባት። ምንም አልጠቀመኝም፤ አምስተኛው ቀን ላይ እሱኑ ልካ ተቀበለችኝ። ሦስተኛውን ጨርሰው ለሐጅ እስማኤል ባስተላለፉ ለት ግን ራሷ መጣች። በርጩማዋን በእጅጌዬ ጠረግሁላት። አልተቀመጠችም።

"አራተኛውን ስጠኝ እስቲ" አለች። "ሶፎኒያስ እየጠበቀኝ ነው።"

ይኸን ባትል ኖሮ ወላሂ እሰጣት ነበር። አንብቤ ጨርሼዋለሁ፤ ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ነው። እጄም ወደዚያው ሄዷል። "እየጠበቀኝ ነው" ስትል ግን እጄ ቆመ።

"ጠፋ" አልሁ።

"ምን?"

"ያ ከዶካ የሚመጣው ደንበኛዬ ጀለቢያዎቹን ሲወስድ አብሮ ተጠቅልሎ ሄዷል መሰለኝ። ሲመለስ ያመጣዋል።"

ናጂያ ግንባሯን በመዳፏ መታች። "አንተ ሰውየ! አሁን ይኸ ይጠፋል? በር ላይ አድርሶን!" አለችና ሄደች። እሷ ከዐይኔ ስትርቅ አራተኛውን ሩብ ከመሳቢያ አውጥቼ ከምቀመጥበት ትራስ ሥር ከተትሁት። ትራሱን ራሴ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ነው የሰፋሁት። በላዩ ተቀመጥሁበት።

አገኘሁት ስል ያገኘሁት ነገር ምን መሰላችሁ? ምንም። መጨረሻውን እኔ ብቻ ዐውቃለሁ። ታናሹ ደርሶ ሲያንኳኳ በሩን የሚከፍት የለም፤ ታላቁ ሞቶ ተቀብሯል። ቁልፉ ከአልጋው ሥር ይገኛል። ታናሹ ወፍጮውን ከፍቶ አንድ ቁና እህል ሳይፈጭ ይሸጠዋል። ሦስት ጊዜ አነበብሁት። "ይኸ ፍርድ ነው ወይስ ጭካኔ?" ብዬ የምጨቃጨቀው ሰው አጣሁ። ሐጅ እስማኤል ሦስተኛውን መልሰው "ምን ይሆን ይሆን?" ሲሉኝ "እንጃ" አልሁ። ለብቻው የሚበላ ሰው ሆዱ ይሞላል፥ አይጠግብም አሉ እናቴ።

የሰሊጥ አጨዳ ደረሰ። ሶፎኒያስ በሐጅ እስማኤል ሎሪ ቁረይሻ ወርዶ ሊያጭድ፥ ከዚያም ወደ ቀጣዩ መንገዱ ሊሄድ ቆረጠ። ሊሰናበተኝ መጣ። ቦርሳውን በትከሻው አንግቷል፤ ናጂያ ከኋላው ስንቅ በፌስታል ይዛለታለች። ስንቁን ሳይ ደግሞ ቀናሁ።

"ጋሽ ያዕቁብ፥ የዶካው ሰውየ አልተመለሰም?" አለኝ።

"አልተመለሰም።"

"ሩቡ ቢገኝ... ልወስደው አይደለም። እዚችው ቆሜ ገረፍ ገረፍ ባደርገው ብዬ ነበር። ሎሪው እስኪሞላ አንድ ሰዓት አለኝ።"

ትራሱ ሥር ወረቀቱ ሲጎረብጠኝ ይሰማኛል። አንድ ሰዓት! ተነሥቼ ብሰጠው ኖሮ ሁሉም ነገር እዚያው ያልቅ ነበር፤ "ወይኔ፥ እዚህ ኖሯል!" ብል ማን ይመረምረኛል? ቀና ስል ግን ናጂያ ዐይኗ እሱ ላይ ነው። እንደዚያ አዝና አይታኝ አታውቅም።

"አልመጣም አልሁህ እኮ!" ብዬ ጮኽሁበት።

"ይሁን፥ ምንም አይደል" አለ። ሊሳለመኝ ጎንበስ አለ። መንገደኛ ሲሰናበት ጠላት እንኳ ቢሆን ተነሥቶ ይሸኛል። እኔ አልተነሣሁም። ከተነሣሁ ትራሱ ይንሸራተታል። እንደ ተቀመጥሁ እጄን ዘረጋሁለት። ልጁ እጄን ይዞ ትንሽ ቆየ፤ ዐይኑ ወደ ታች ወረደና ተመለሰ። "አላህ ይስጥልኝ፥ ስለ ሁሉም" አለኝ በኛው ቃል፥ ክርስቲያኑ ልጅ። ሄደ።

እሰይ፥ ተገላገልሁ አልሁ። የት! በማግሥቱ ዐስር ላይ ናጂያ አልመጣችም። በሳምንቱም አልመጣችም። ሳቅም አይሰማም። አሁን ደግሞ በሌለው ሰው መቅናት ጀመርሁ።

በሦስተኛው ሳምንት፥ ከዐስር በኋላ፥ ቶቧን ሰብሰብ አድርጋ መጣችና በርጩማዋ ላይ ቁጭ አለች። ደስታዬን መደበቂያ አጣሁ። እጇ ላይ የተማሪ ደብተር ይዛለች።

"ሐጅ እስማኤል ከቁረይሻ አመጡልኝ። ሶፎኒያስ ነው የላከው" አለች። "መጨረሻው ስለ ጠፋ ራሱ ጽፎታል። ማታ ማታ፥ ከአጨዳ ሲመለስ። በአራተኛው ሩብ ፈንታ ስፋው ብሎሃል።"

"እሱ? እሱ ማን ነው መጨረሻ የሚጽፈው?"

"ለመጽሐፉ ጃኬቱን የሰጠ ሰው ነዋ። መጀመሪያ አንብብልኝ፤ ሰፊው ቀድሞ ያያል አይደል ደንቡ?"

እኔ እንደሱ ድምፅ ማቅጠንና ማወፈር አልችልም። ለሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አንብብልኝ ብላኝ አታውቅም። ክብር ነው ብዬ ጉሮሮዬን ጠረግሁና ጀመርሁ። ጽሑፉ ሰባት ገጽ ነው፤ እርሳሱ የደበዘዘበት፥ የሰሊጥ ዘይት ጠብ ያለበት። ታናሹ ያንኳኳል። በሩ ይከፈታል፤ ታላቁ በሕይወት አለ። እያነበብሁ እዚህ ደረስሁ፦

"ታላቁ ወንድም ከተቀመጠበት አልተነሣም። ከልጅነቱ ጀምሮ እንግዳ ሲመጣ ከሁሉ ቀድሞ ብድግ የሚለው እሱ ነበር። ዛሬ ግን እንደ ተቀመጠ እጁን ዘረጋ። ታናሹ ያን ጊዜ ቁልፉ የት እንዳለ ዐወቀ..."

ማንበቤን አቆምሁ።

"ቀጥል እንጅ" አለች ናጂያ።

"ዐውቆም አልጠየቀም። ወንድሙ በራሱ እጅ እንዲሰጠው ፈለገ። ከትከሻው ላይ ከረጢቱን አውርዶ መሬት አስቀመጠና፦ ጤፍ ይዤ መጥቻለሁ፤ አልቸኩልም፥ ስትነሣ ትፈጭልኛለህ አለው።"

በዚሁ አበቃ። ደብተሩን አጠፍሁት። ልጁ ያን ለት እጄን ይዞ የቆየው፥ ወደ ታች ያየው... ዐውቋል። ዐውቆ፥ አንድ ሰዓት እያለው፥ ዝም ብሎኝ ሄደ።

"ያዕቁብ" አለች ናጂያ።

"አቤት።"

"እስቲ ተነሥ።"

"ምን ሆነሻል? ሥራ ላይ ነኝ።"

"ዐሥራ ሁለት ዓመት ጎረቤቴ ነህ። ሕፃን ሲገባ እንኳ ብድግ የምትል ሰው ነህ። ያን ለት መንገደኛ ቁጭ ብለህ ስትሸኝ ምን ነካው ብዬ ነበር። ተነሥ አልሁህ።"

ተነሣሁ። ትራሱን ራሷ አነሣችው። አራተኛው ሩብ የኔን መቀመጫ ቅርጽ ይዞ ጎብጧል። ናጂያ አነሣችና ልባሱ ላይ የጻፍሁትን ቁጥር አየች። እንደምትጮኽብኝ ጠብቄ ነበር። "ሱብሃነላህ" ብቻ አለች።

"ቀንቼ ነው" አልሁ። "ከሱ ጋር ልታነቢው ነው ብዬ ቀንቼ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚች በርጩማ..."

"ሁለት ዓመት ሙሉ ይችን ቃል ማውጣት አቅቶህ ነው መጽሐፍ ላይ የተቀመጥኸው?"

ፊቷን አየሁት። ተቆጥታለች፥ አዝናለች፤ ሌላም ነገር ነበረበት፥ ምን እንደሆነ ግን ማንበብ አልቻልሁም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ሲጠራ እንዲህ ያዋርዳል አይሉም።

ሩቡን ገልጣ የምታነበው መስሎኝ ነበር። አልገለጠችውም። "እኔም ሐጅም አናነበውም" አለች። "ያመጣው ሰው መጨረሻ ያነባል ብለህ ደንብ ያወጣኸው አንተ ነህ። ያመጣው አላነበበም። ሐጅ እስማኤል ነገ ቁረይሻ ይወርዳሉ፤ ይዘውለት ይሂዱ። ልጁም አጨዳውን አልጨረሰም። የሱን ደብተር አንተ ስፋው፤ ለኛ መጨረሻው እሱ ነው።"

እዚያው ቆማ እያየችኝ ሰፋሁት። ወስፌው ሁለቴ ጣቴን ወጋኝ። ልባሱን ከአዲስ ጨርቅ አበጀሁለት፥ ቁጥሩንም ጻፍሁበት፦ አራት። ከሦስቱ ጋር አንድ ላይ ሰፋሁት። ክፉ ልቤ የልጁ መጨረሻ ከደራሲው ይሻላል ብሎ መሰከረ፤ በዚያም ደግሞ ቀናሁ።

በማግሥቱ ጧት ናጂያ ከትራሱ ሥር የወጣውን ሩብ ለሐጅ እስማኤል ስትሰጥ ከደጄ ሆኜ አየሁ። ከመስጠቷ በፊት አንድ የታጠፈ ወረቀት መኻሉ ውስጥ ከተተች። ሐጅ ሩቡን አይተው፥ ወደኔ አይተው፥ ራሳቸውን ነቀነቁና ሞተሩን አስነሡ።

ከዚያ ወዲህ ዐስር በተሰገደ ቁጥር በርጩማዋን አወጣለሁ። እስካሁን አልተቀመጠችባትም። ከሱቅ ስትወጣ በደጄ ታልፋለች፤ ተነሥቼ፥ ቆሜ ሰላም እላታለሁ፤ እሷም "ደህና ዋልህ" ትለኛለች፥ አንዳንዴም በርጩማዋን አየት አድርጋ ታልፋለች። ይኸም ይበዛብኛል፥ ዐውቃለሁ። ያች ወረቀት ላይ ምን ብላ እንደ ጻፈችለት ግን፥ ወላሂ፥ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።